ያልተለቀለቀችው መርከብ

እስከዳር ፍቅረ ሥላሴ ሰው የጣለውን ነገር ስታይ ዓይኗ የሚበራ ልጅ ናት። ጎረቤት የተሰበረ ጃንጥላ ከአጥር ውጭ ሲወረውር ሽቦውን ነቅላ ትወስዳለች። ያለቀ እስክሪብቶ፣ የረገፈ ማበጠሪያ፣ የሳሙና ካርቶን፣ ምንም አይቀራትም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች ሁሉ ያውቋታል፤ ከእንግዲህ አይናገርም ያሉትን ሬዲዮ ሆድ ዕቃውን አውጥተው በፌስታል ያስቀምጡላታል። ምን ልታደርግበት እንደሆነ ግን ፊት ለፊት የሚጠይቃት የለም። የመሪጌታ ልጅ ናትና ይፈሯታል፤ ከጀርባዋ ማማቱን ማን ከልክሏቸው።

የምትሠራው የጠፈር መርከብ ነበር። ሞዴል ነው፤ ነገር ግን ሞዴል ሲባል ሕፃን የሚጎትተው መጫወቻ አይምሰላችሁ። ሁለት ሰፋፊ የፕላስቲክ ሳፋዎች አፍ ለአፍ ተገጥመው የመርከቧ ሆድ ሆነዋል። ቆዳዋ ከሳሙና ካርቶን በጥፍር ልክ እየተቆረጠ የተለጠፈ ነው፤ በእያንዳንዷ ቁራጭ ዳር ዳር በመርፌ ጫፍ የተወጋ የምስማር ምልክት አለ። የማበጠሪያው ጥርስ መሰላል፣ የእስክሪብቶው ቀፎ የነዳጅ ቧንቧ፣ የሬዲዮው ሆድ ዕቃ ሞተር ሆኗል። ከውስጥ በባትሪ መብራት የሚበሩ ጥቃቅን መስኮቶች በሦስት ዙር ከበዋታል። ዐናቷ ላይ የጃንጥላ ሽቦዎች እንደ ዘውድ ተተክለው በየጫፋቸው ነጭ ዶቃ ተሰክቶባቸዋል፤ አንቴና መሆናቸው ነው። ደጃፏ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሰው ቆሞ ወደ ላይ ያያል። የመርከቧ ግዝፈት የሚገባው እሱን ሲያዩት ነው።

እስከዳር ኮሌጅ የተማረችው የሕንፃ ንድፍ ነው። ተቀጥራ ስትሠራበት የነበረው ቢሮ ሲዘጋ ቤት ዋለች፤ ቤት ስትውል መርከቧን ጀመረች። ሁለት ዓመት ያህል ከሠራች በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ የፊልም ሥራ ቤት ያስነገረውን በቴሌግራም አየች። ለፊልም የሚሆኑ ከተሞችንና መርከቦችን አሳንሶ የሚሠራ ባለሙያ እንፈልጋለን ይላል። የትምህርት ማስረጃ አልጠየቁም። ተገዝቶ የተገጣጠመ ያልሆነ፣ ከሌላ ሰው ሥራ ያልተቀዳ፣ በገዛ እጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ይዛችሁ በዚህ ቀን ቅረቡ ነው ያሉት። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ በዓል ከሚውልበት እሑድ ቀጥሎ ያለው ሐሙስ።

አባቷ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ የቅኔ መምህር ናቸው። ማታ ማታ ተማሪዎቻቸው በየሜዳው ሲቆጥሩት፣ ማለትም ከራሳቸው ሲያፈልቁት የዋሉትን ቅኔ ይዘው ግቢያቸው ይሰለፋሉ። ያልጣማቸውን ሲሰሙ «ሌላ አምጣ!» የሚሉት ድምፃቸው ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። የልጃቸውን መርከብ ያዩዋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ቀን እስከዳር፣ መርከቧ ገና ቆዳ ሳትለብስ፣ ስልኳን ከፊቷ አቁማ፣ አንድ ዓይኗን ስልኩ አንዱን ካርቶኑ ላይ አድርጋ ስትለጥፍ ደረሱ። በሩ ላይ ቆመው አዩና «የፈረንጅ ቅጂ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያን ክፍል ረግጠውት አያውቁም። ይልቅስ ደምበጫ ዘመድ ይዘው፣ ወረቀት እያገላበጡ የሚዋልበት የቢሮ ሥራ አገኙላት።

«ሐሙስ ካልሆነልሽ ሰኞ ደምበጫ ነሽ» አሏት። ቃላቸው ቃል ነው። እሷም እሺ አለች። ያን ወንበር ገና ስታስበው ግን እጇ የሚደርቅ ይመስላታል።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ክብ ቤተ ክርስቲያን አርጅቶ ግድግዳው ስለተሰነጠቀ አዲስ ሊሠራ ታሰበ። ከተማ ያለ መሐንዲስ ንድፉን አወጣ። የአሠሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፈንታ፣ በበዓሉ ቀን ሕዝቡ አይቶ ልቡ እንዲነሣሣ ሞዴሉ ይሠራልን አሉ። መሪጌታም «እጇ ከሠራ አይቀር ለደብሩ ትሥራ» ብለው ለልጃቸው አሰጧት። እስከዳር ንድፉን ሳትጨምር ሳትቀንስ ሠራችው። አራት ማዕዘን ነው፤ ፊቱ መስታወት በመስታወት፣ ጎኑ ላይ አንድ ቀጭን ማማ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑንና መርከቧን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ አቧራ እንዳይነካቸው ሁለቱንም ነጭ አቡጀዲ አለበሰቻቸው።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ ለመርከቧ የቀራት ቫርኒሽ ብቻ ነበር። ካርቶን ውሃ ይጠጣል፤ ቫርኒሽ ካልተቀባ አንድ ጠብታ ይበቃዋል። እስከዳርም እናቷን ወይዘሮ አመተ ሥላሴን «የኮሚቴው ሰዎች ሲመጡ ቤተ ክርስቲያኑን ስጫቸው» ብላ ቫርኒሽ ፍለጋ ወጣች። በበዓል ቀን ቫርኒሽ መፈለግ ምን ይሉታል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነው ነገሩ።

ሰዎቹ መጡ። ልጃቸው ሥራዋ ሳያልቅ ስለማታሳይ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ሁለቱንም አይተዋቸው አያውቁም። እንደ ጠንቃቃ ሰው ግን ዝም ብለው አልሰጡም። የመጀመሪያውን አቡጀዲ ገለጡ። አራት ማዕዘን፣ መስታወት፣ ማማ።

«ይኸማ ባንክ ነው» አሉ። «ልጄ የባንክ ሥራም ይዛ ኖሯል።»

ሁለተኛውን ገለጡ። ክብ ነው። መስኮቱ በሦስት ዙር ይበራል። ዐናቱ ላይ ዘውድ፣ በዘውዱ ጫፍ ነጫጭ እንቁላል። አማተቡ፤ ተሳለሙ፤ «ቀስ ብላችሁ ያዙት፣ በሥላሴ!» ብለው አስረከቡ። እስቲ ማን ይፈርድባቸዋል?

እስከዳር ቫርኒሹን ያገኘችው ለቤተ ክርስቲያን ነጠላውን ሲያጣፋ ከደረሰችበት አናጺ ነው። ቆርቆሮውን አቅፋ፣ ደስ ብሏት፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የአቶ ፈንታ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይመጣል።

«ምእመናን፣ እነሆ ተመልከቱ! በሦስት ዙር መስኮት! መብራቱ እንኳ ከወዲሁ በርቷል!»

እስከዳር መንገድ ላይ ተገተረች። የሠራችው ቤተ ክርስቲያን መብራት የለውም።

«በዚህ በኩል የምታዩዋቸው ቧንቧዎች» ቀጠሉ አቶ ፈንታ፣ ንድፉን ገልጠው ያላዩ፣ የማያውቁትን ግን ማስረዳት የማያቅታቸው ሰው ናቸው፣ «ጸበሉን ወደ ወንዶችና ወደ ሴቶች ለይተው የሚያወርዱ ናቸው! ደጃፉ ላይ የቆመው ደግሞ ተሳላሚ ምእመን ነው!»

እልልታው ሰፈሩን አናወጠው። እስከዳር ያን ጊዜ ነው ሩጫ የጀመረችው። ያስሮጣት የአቶ ፈንታ ቧንቧ አይደለም። በበዓሉ አዲስ ነገር ሁሉ ይባረካል፤ የሚባርኩትም ቄስ ይታያል የሚባሉት አባት ናቸው። ቄስ ይታያል ደግሞ ዕድሜ የጠገቡ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ በጸበል ግን የማይታሙ አባት ናቸው። ሌላው ቄስ ይረጫል፤ እሳቸው በጆግ ያፈሳሉ።

ሰው እየገፋች፣ ነጠላ እየረገጠች፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ፊት ደረሰች። መርከቧ ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብላለች። ቄስ ይታያል ጸሎቱን ጨርሰው ጆጉን አንሥተዋል። ከጎናቸው አባቷ ጥላ ይዘው ቆመዋል። ጥላው ግን ወዳልሆነ ቦታ አዘንብሏል፤ ምክንያቱም መሪጌታ ጎንበስ ብለው መርከቧን ያያሉ። መስኮቶቿን አንድ በአንድ ያያሉ። አባቷ የእጇን ሥራ እንዲህ አድርገው ሲያዩ በሕይወቷ አይታ አታውቅም።

እውነቱን ከተናገረች ያን አስተያየት በገዛ እጇ መንጠቋ ነው፤ አባቷንም በደብሩ ሕዝብ ፊት ማዋረዷ ነው። ዝም ካለች መርከቧ አለቀላት። ቆማ ስታመነታ ውሃው ወረደ። ግማሹ ጆግ በመርከቧ ግራ ጎን ላይ ተንዠቀዠቀ።

«አባ፣ ይቆዩ!» ብላ ጮኸች። «ቤተ ክርስቲያን አይደለም!»

እልልታው ቀጥ አለ። አቶ ፈንታ «ምን ማለትሽ ነው?» ያሉት በድምፅ ማጉያው ስለሆነ እስከ መናኸሪያው ተሰማ።

«የጠፈር መርከብ ናት። እኔ ነኝ የሠራኋት። ካርቶን ናት፤ ውሃ ያጠፋታል!» አለች እንባዋ እየቀደማት።

«ታዲያ ያ ቧንቧ የጸበል አይደለማ?» አሉ አንዲት እናት ከኋላ፤ ድምፃቸው ያዘነ ነበር። አቶ ፈንታ ማይኩን ወደ ታች አደረጉት።

ቄስ ይታያል ጆጉን አስቀምጠው ጎንበስ አሉ። ያበጠውን ካርቶን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«መርከብ ናት ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ አባ።»

«እንዴት ነው ነገሩ፣ ልጄ! ኖኅ እንኳ ውስጧንም ውጭዋንም ቅጥራን ለቅልቋት ነበር። አንቺ ምነው ሳትለቀልቂያት?»

እስከዳር እቅፏ ውስጥ ያለውን የቫርኒሽ ቆርቆሮ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ቆርቆሮውን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሕዝቡም ተከትሎ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም፤ መሪጌታ።

ጥላውን ለአቶ ፈንታ አስያዙና መርከቧን በሁለት እጃቸው አነሡ። ውሃው በቀሚሳቸው ላይ እየተንጠባጠበ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። ሰው ግራና ቀኝ ከፈተላቸው። አንዳንድ እናቶችማ ቤተ ክርስቲያን አለመሆኗን እየሰሙም ስታልፍ ጎንበስ አሉላት።

ቤት ሲደርሱ በረንዳው ላይ አስቀመጧት። የግራ ጎኗ አብጦ ተልጧል። ያን ሁሉ የመርፌ ምስማር ውሃው ውጦታል። ከሥሩ የሳፋው ቀይ ፕላስቲክ ብቅ ብሏል። እስከዳር ደፉ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለች በመጨረሻ። «ሐሙስ አይደርስልኝም። ሰኞ ደምበጫ እሄዳለሁ። እርስዎንም አዋረድኩዎት፣ አባባ።»

መሪጌታ ይህን የሰሙ አይመስሉም። እንደ ቆሙ መርከቧን ያያሉ።

«ይኸን ከየት ቀዳሽው?» አሉ።

«ከየትም።»

«ከዚያ ከስልኩ አይደለም?»

«ከስልኩ ያየሁት ሙጫ እንዴት እንደሚያዝ ነው። እሷን ግን ከእኔ በፊት ማንም አልሠራትም። ከራሴ ነው ያመጣኋት።»

መሪጌታ ቁጭ አሉ። የሚቀመጡበትን እንኳ አላዩም፤ የልብስ ማጠቢያ ድንጋዩ ላይ ነው የተቀመጡት። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህ ለምን እንዳስቀመጣቸው ይገባዋል። በእሳቸው ጉባኤ ደካማ ቅኔ ይታረማል፤ የተሰበረ የቅኔ ቤት ይጠገናል፤ የሰው ቅኔ የኔ ነው ብሎ የሚነግር ተማሪ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ፊታቸው አይቆምም። የራሱንም ቢሆን የትናንቱን ዛሬ የሚደግም የለም። ያን ሁሉ ጊዜ አንጀታቸውን ሲያቃጥለው የኖረው የምትለቅመው ቆሻሻ አልነበረም።

«የሰው ቅኔ ስትደግሚ የኖርሽ መስሎኝ ነው» አሉ። «ሳልጠይቅ ፈረድኩብሽ፣ ልጄ።»

እስከዳር ቀና ብላ አየቻቸው። ልጄ ካሏት ቆይተዋል።

«እነዚህ ሦስቱ ዙሮችስ?» አሉ።

«እንጃ፤ እጄ እንዲያው ሄደልኝ።»

የክብ ቤተ ክርስቲያንን ሦስት ክፍል እየጠሩ በጣታቸው ከውጭኛው ጀምረው ዞሩት። «ቅኔ ማኅሌት» አሉ። ወደ ውስጥ ገቡ፤ «ቅድስት።» እንደገና ገቡ፤ «መቅደስ።» ከዚያ ዐናቷ ላይ ያሉትን ነጫጭ ዶቃዎች ነኩ። «እነዚህን ደግሞ በትከሻዬ ተሸክሜሽ አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ስንዞር ትቆጥሪያቸው ነበር። ሰባት ስትደርሺ እንደገና ከአንድ ትጀምሪያለሽ፤ የጉልላቱ እንቁላል ያለቀ አይመስልሽም ነበር።»

እስከዳር ዶቃዎቹን አየቻቸው። ሰባት ናቸው። ሰባት አድርጊ ያላት ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ቀድቻለሁ ማለት ነው?» አለች ፈራ ተባ እያለች።

«ኧረ ወዲያ! ሰው ካደገበት ቤት ሌላ ምን አለው?» አሉ መሪጌታ። ከዚያ የተላጠውን ጎን በአገጫቸው አሳዩዋት። «በይ አሁን ይኸን ላጪው።»

«እንደነበረ ለመመለስ ጊዜ የለኝም።»

«እንደነበረ ማን አለሽ? የተነገረ ቅኔ አይደገምም። ሌላ አምጪ!»

ሦስተኛው ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እስከዳር የበሰበሰውን ሁሉ ልጣ ጣለች። በባዶው ፕላስቲክ ፊት ቁጭ ብላ ብዙ አሰበች። ከዚያ ያንን ጎን አደጋ የደረሰበት የመርከብ ጎን ልታደርገው ወሰነች። ረጅም መንገድ የሄደች መርከብ ጠባሳ ቢኖራት ምን ይገርማል? ቆዳዋ በአንድ በኩል ተቀድዶ የውስጥ አጥንቷ ይታያል፤ ከተቀደደው በላይ ደግሞ ሰዎቿ በደረሰባቸው ቦታ ባገኙት ነገር ጠግነዋታል። አጥንቱን ከጃንጥላ ሽቦ ሠራችው። ለጥገናው ግን የሚሆን ነገር አጣች። የካርቶን ጥገና ካርቶን ነው የሚመስለው።

ማክሰኞ ጠዋት መሪጌታ እጀታው የተሰበረ አሮጌ ጸናጽል ይዘው መጡ። ደብረ ወርቅ ሲማሩ የያዙት ነው። የሚንሿሹትን ቀጫጭን ናሶች ከሽቦው ላይ አውጥተው መዳፏ ላይ አደረጉላት።

«አባባ፣ ይኸንንማ አልነካም።»

«እዚያ ሣጥን ውስጥ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው። እዚህ ይዋል።»

ናሶቹ በተቀደደው ጎን ላይ እንደ ልብስ መጣፊያ ተለጠፉ። ፀሐይ ሲያርፍባቸው መርከቧ ከሩቅ አገር የመጣች መሰለች። መሪጌታም ሳይጠሯቸው ምላጭ አንሥተው ካርቶን መቁረጥ ጀመሩ። ብራና የለመደ እጃቸው የሳሙና ካርቶን አልታዘዛቸውም። አንዷን ቁራጭ አጣምመው ቆርጠው ሲሰጧት እስከዳር አገላብጣ አየቻትና መለሰችላቸው።

«ሌላ ያምጡ» አለች።

ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከጓዳ ሆነው ሳቃቸውን ለቀቁት። እሳቸው አጠፋሁ ብለው አንድ ቀን አልተቆጩም። «ባንክ ያልኩት ባንክ ነው!» እንዳሉ ናቸው። እንዲያውም የልባቸው ደርሷል። አቶ ፈንታ በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት አራት ማዕዘኑን ሊወስዱ መጥተው፣ ሕዝቡ ያ ክቡ የት ገባ እያለ መግቢያ መውጫ እንዳሳጣቸው፣ መሐንዲሱን ክብ አድርገህ ብታየው ምን ይመስልሃል ሊሉት መሆኑን አንገታቸውን እያከኩ ተናግረዋል።

እስከዳር መርከቧን በቫርኒሽ ደራርባ ቀባቻት። ውስጧን ቀባች፤ ውጭዋን ቀባች፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህለውን ሰው እንኳ አልተወችም። የጥር ፀሐይና ነፋስ አደረቁላት።

ረቡዕ ጠዋት መናኸሪያ ወጡ። አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። ረዳቱ መርከቧን ላይ እንጫናት ሲል መሪጌታ ባዩት አስተያየት ሐሳቡን ቀየረ። እስከዳር መርከቧን አቅፋ ልትገባ ስትል ከኋላ «ቆዩ! ቆዩ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቄስ ይታያል ናቸው። መስቀላቸውን በአንድ እጅ፣ ጆጋቸውን በሌላው ይዘው በዚያ ዕድሜ ይሮጣሉ።

የጆጉን አፍ ሲያዩ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ክው አሉ። ረዳቱም ወሬውን ሰምቷል መሰል ሁለት እርምጃ ራቅ አለ። እስከዳር አባቷን አየቻቸው። በመርከቧ ግራ ጎን ላይ የአባቷ የተማሪነት ጸናጽል አለ። የሁለት ዓመት ልፋት አለ። ቫርኒሹ መድረቁን በጣቷ አውቃለች፤ በውሃ ግን አልሞከረችውም። ማን ይሞክረዋል?

መሪጌታ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«አባ፣ ልጄ መንገድ ልትሄድ ነው» አሉ። «ይባርኩልኝ። ሁለቱንም።»

እስከዳር አቡጀዲውን ራሷ ገለጠችው።

ቄስ ይታያል አልሰሰቱም። ጆጉን ሙሉ አፈሰሱት። ውሃው በሦስቱ ዙር መስኮት ላይ፣ በቧንቧዎቹ ላይ፣ በናሶቹ ላይ ኮለል ብሎ ወርዶ የመናኸሪያውን አፈር አራሰ። አንዲት ቁራጭ አልተነሣችም። በሰባቱ ዶቃዎች ጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ አንዳንድ ጠብታ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ደጃፏ ላይ ያለው ትንሽ ሰው አሁንም ወደ ላይ ያያል።

«ተለቅልቃለች!» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው።

መሪጌታ በጋቢያቸው ጫፍ የልጃቸውን ፊት ጠረጉላት፤ ውሃው ለእሷም ደርሷት ነበር። ከዚያ ረዳቱ ጮኸ፤ እስከዳርም መርከቧን ይዛ ገባች።